መነጽር ልናድል ሄደን

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ ነው፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት። ያልነገርኳቸው ደግሞ ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው እንጂ ደብቄ አይደለም። እሺ፣ ደብቄ ነው። እኔ ከሩቅ አላይም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአራት እርምጃ ወዲያ ያለ ነገር ሁሉ ለእኔ ወተት ውስጥ የወደቀ ነው። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሰው ነው እላለሁ፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዛፍ ነው እላለሁ። ሰውየው ቆሞ ከሆነ ግን ችግር ነው።

መነጽር ለምን አላደረግህም ትሉኝ ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ ክፍላችን ውስጥ አንድ ባለመነጽር ልጅ ነበረ፤ «አራት ዓይና» እያልን መድረሻ አሳጥተነዋል። አራት ዓይና ለቤተ ክህነት ሊቅ ሲሆን ማዕረግ ነው፤ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ግን ስድብ ነው። የተሳዳቢዎቹ አለቃ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ታዲያ የእኔም ዓይን እንደ ልጁ መሆኑ ሲገባኝ በየት በኩል ዞሬ መነጽር ላድርግ? አፈርኩ። ያቺ እፍረት ከእኔ ጋር አደገች፣ ከእኔ ጋር ትዳር ያዘች፣ ይኸው ሃምሳ አራት ዓመት ሞላን።

ደግነቱ ከቅርብ አያለሁ። ከቅርብ ማየት ከተባለማ የሚችለኝ የለም። የምሠራው ነገሌ ቦረና ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው። አይጥ የቀመሰችውን፣ ሻይ የፈሰሰበትን የድሮ ካርድ አምጡልኝ፤ አፍንጫዬን አስጠግቼ እንደ ውሃ አነበንብላችኋለሁ። የሰፈራችን ሴቶች ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲላቸው ወደ እኔ ነው የሚልኩት። ስለዚህ በሰፈሩ ዘንድ ዓይነ ንስር ነኝ። ይህን ስም ለራሴ ያወጣሁት ራሴ ነኝ ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም።

የሩቁን ጉዳይ ደግሞ በሰላምታ ነው የተወጣሁት። ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ሰላም እላለሁ። ባጃጅ ሲያልፍ እጄን አነሣለሁ። ሰው መሰል ነገር ካየሁ ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ እላለሁ። በዚህ የተነሣ በትሕትናዬ የታወቅሁ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜማ በአጥር ምክንያት ሦስት ዓመት የተኳረፍኩትን፣ ሽማግሌ ሁሉ ሊያስታርቀኝ ያልቻለውን ሰውዬ፣ ገበያ መሀል ሌላ ሰው መስሎኝ አቅፌ ሳምኩት። ማንነቱን ያወቅሁት ጉንጩ ጉንጬ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እሱ አለቀሰ። የእኔም ዓይን ከድንጋጤ የተነሣ እንባ አቀረረ። ይኸው እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠያየቃለን። ደግ ሰው ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለው ግቢ የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ነው። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ ሁለት የኒም ዛፍ ነው። ምእመናኑ ሁሉ ተሰብስበው ቢወጡ አንድ አውቶቡስ አይሞሉም። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ሰፈሩ ስማቸውን መያዝ አቃተው።

«ሜቶ ምን?»

«ሜቶዲስት።»

«ድስት?»

በዚያው ሰሞን ድርቅ ሆነና ከብቱ ያለቀበት የቆላ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ፣ እነዚህ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በርሜል የሚያህል ድስት ጥደው ለሕፃናት አጥሚት ማፍላት ጀመሩ። በቃ፣ ስሙ ተለጠፈባቸው። «እነ ድስት ጋ ሂዱ» ይባላል እስከ ዛሬ። ቅር አይላቸውም። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ፤ ለማኅበራችን ድግስ ያንኑ ድስት ተውሰን እናውቃለን፤ አጥበን መልሰናል።

መጋቢያቸው ፓስተር ገልገሎ ይባላሉ። የተልተሌ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ሲስቁ ከወገባቸው የሚታጠፉ። ከሩቅ የማውቃቸው በመታጠፋቸው ነው። አንድ ቀን ከሥራ መልስ በራችን ላይ ቆመው ጠሩኝ።

«ጋሼ፣ አካም? ናጋ?»

«ናጋ፣ ፓስተር። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ ቸኩያለሁ። ላስቸግርዎት ነበር። ቤተክርስቲያናችን ሁለት ካርቶን መነጽር አግኝታለች። ቅዳሜ ቆላ ወርደን ዓይን እየመረመርን ልናድል ነው። ምርመራውን ሲስተር ሎኮ ሠልጥናበታለች። ግን እሷን የሚያግዝ፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ፣ ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል፣ ዓይኑም ደህና የሆነ ሰው ቸግሮናል።»

ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህች ላይ ነበር። ወገቤን አሞኛል ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ዓይን ከተባለማ ከእኔ ወዲያ ለአሳር ነው!»

ከጓዳ የባለቤቴ የወርቅነሽ ሳል ተሰማ። ወርቅነሽ ጉንፋን አልነበረባትም። ምስጢሬን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ፓስተሩ ገና ከበራችን ሳይርቁ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

«የዓይን መርማሪ ልትሆን ነው?»

«ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ጽሕፈት ነው።»

«ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሜ ‹እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው?› ያልከኝ ሰውዬ!»

«ሻሽ ቀይረሽ ነበር» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። መኪናው የኢብራሂም ነው። ኢብራሂም ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ በድርቁ ጊዜ በዚችው ፒካፕ ለእነ ድስት ውሃ ሲያመላልስ ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ሌላ መኪና እንዲፈልጉ አይፈቅድም። ሲስተር ሎኮ ከካርቶኖቹ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ነገሯ ሁሉ በሜትር የተለካ ነርስ ናት። እኔን በዕድሜዬ አክብረው ከፊት አስቀመጡኝ። ፓስተሩ ሕዝቡን ለመሰብሰብ ከትናንት ጀምሮ እዚያው መንደር ስለነበሩ የተዉልን ምልክት አንድ ነበር፦ ሰማያዊ ሰሌዳ ስታገኙ ወደ ግራ ታጠፉ።

«እኔ ጉድጓዱን ልይ» አለ ኢብራሂም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሰሌዳውን ይዩልኝ።»

ዓይኔን አጥብቤ መንገዱ ላይ ማፍጠጥ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

«ያውልህ! ወደ ግራ!»

ኢብራሂም አየት አደረገኝ። ግን ታላቁ ነኝ፤ ምን ይበል? ታጠፈ። ሰማያዊው ነገር አንዲት ሴት ጎጆዋ ላይ የዘረጋችው ሸራ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። መንገዱ እየጠበበ፣ ግራሩ መኪናውን በሁለት በኩል እየቧጠጠ፣ በመጨረሻ ከደረቀ ወንዝ አፋፍ ላይ አወጣንና ተወን።

«ሰው እንጠይቅ» አለች ሲስተር ሎኮ።

ሰው ደግሞ ነበረ! ከግራር ዛፍ ሥር አንድ ረጅም ሽማግሌ ቀላ ያለ ጋቢ ለብሰው፣ ምንም ሳይነቃነቁ ቆመው ያዩናል። ጥፋቴን ለማካካስ ቸኩዬ ወረድኩ። እነ ኢብራሂም የት ልሄድ እንደሆነ አልገባቸውም። ሽንት መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩልኝ።

ከሽማግሌው ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ላይ ስደርስ እንደ ወጉ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ቦረና ሰላምታ ላይ አይቸኮልም፤ ሰውን ከመንገድ ጠያቂነት በፊት ሰው መሆንህን ማሳየት አለብህ። በኦሮምኛ ጀመርኩ። እንዴት ናችሁ? ቤተሰቡ ደህና? ከብቱ ደህና? ውሃው ደህና? ዝናቡስ ጥሎላችኋል? ሽማግሌው መልስ አልሰጡኝም። የተቀየሙ መሰለኝ፤ መኪናችን አጥር ጥሶ ይሆን ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁንም ዝም። ጨርሶ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ልስም ስጠጋ ከሽማግሌው ወገብ አካባቢ አንዲት እንሽላሊት ወጣች።

ኩይሳ ነበር። ምስጥ የሠራው፣ የቆላው ቀይ አፈር፣ ከእኔ የሚረዝም ኩይሳ።

ባርኔጣዬን አጥልቄ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አንድ ጊዜ ዞርኩትና ወደ መኪናው ተመለስኩ።

«ይህን የሚያህል ኩይሳ አይቼ አላውቅም፤ ከቅርብ ልየው ብዬ ነው» አልኳቸው።

«በኦሮምኛ ነው እንዴ የሚያዩት?» አለ ኢብራሂም።

ሲስተር ሎኮ ፊቷን ወደ ካርቶኖቹ ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የነቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ሲቀልድ ነው ብለው ያለፉት ይመስለኛል። በተጨዋችነትም ትንሽ ስም አለኝ።

ዞረን ትክክለኛውን ሰሌዳ አግኝተን መንደሩ ስንደርስ ሕዝቡ ከአንድ ትልቅ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠብቆናል። ፓስተሩ አስተዋወቁን። ይህ መንደር እነ ድስትን ለመቀበል ዓመት የፈጀ መንደር ነው። «ምን ልትሸጡልን ነው? ምን ልትወስዱብን ነው?» ሲባሉ፣ ፓስተሩ እየተመላለሱ ኤላ የሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሲጠረግ አብረው አፈር እያወጡ፣ ለቅሶ ሲሆን እየደረሱ፣ ቀስ ብለው የተለመዱበት ነው። ስለዚህ የዛሬው ነገር እንዲያምር ይፈልጋሉ። ሲስተር ሎኮም ከሥልጠናው ከተመለሰች የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር፤ ካርቶኖቹን አብረን ስናወርድ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ፤ ከቅርብ ስለነበረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግንዱ ላይ ነጭ ሰሌዳ ይሰቀላል። ሰሌዳው ላይ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንዲመች ሹካ የመሰለ ምልክት ተሥሏል፤ ባለሦስት ጣት፣ አንዱ ወደ ላይ የዞረ፣ ሌላው ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከላይ ትልልቁ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። ሲስተር ሎኮ ሰሌዳው ጋ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አድርጋ በዘንግ ትጠቁማለች። ተመርማሪው ስድስት ሜትር በሲባጎ ተለክቶለት ይቆምና ሹካው የዞረበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል። ከተመርማሪው አጠገብ ቆሞ ልክና ስህተቱን የሚጽፍ ደግሞ አንድ ሰው አለ።

ማን መሰላችሁ?

ስድስት ሜትር! እኔ የምጽፈውን ጽሕፈት ብቻ አስቤ ስመጣ፣ ስድስት ሜትር ማለት ለእኔ ሌላ አገር መሆኑን ረሳሁት። ወደ ሰሌዳው አየሁ። ግራሩ ላይ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ነጠላው ላይ ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። ሹካ የሚባል ነገር የለም። «አላይም» ልበል እንዴ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? አፍ አውጥቼ «ዝግጁ ነኝ» አልኩ።

የመጀመሪያው ተመርማሪ ኦቦ ጃርሶ ነበሩ፤ የመንደሩ ታላቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሰው። ሲስተር ጠቆመች። ኦቦ ጃርሶ ወደ ላይ አሳዩ። እኔ ዓይኔን አጥብቤ ባይ ባይ ዝንቡ ወደ ቀኝ ያዘመመ መሰለኝ። ስህተት ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ወደ ግራ አሳዩ። አሁንም ለእኔ ወደ ቀኝ ነው። ስህተት። ሁሉንም ልክ ብል ደግሞ መነጽሩ ለማን ሊታደል ነው? ከላይ እስከ ታች ስህተት ሞላሁላቸው። እንዴት አሳዘኑኝ መሰላችሁ! እኒህ ሰው ያለ ዓይን ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ኖሩ ብዬ ክንዳቸውን ደግፌ ወደ መቀመጫው ሸኘኋቸው። ኦቦ ጃርሶ ክንዳቸውን የደገፍኩበትን እጄን ግራ ገብቷቸው አዩት።

ቀጥሎ ሌላው መጣ፤ ስህተት። ሌላው፤ ስህተት። በመስክ ሲውሉ የኖሩ፣ ደመና ከየት እንደሚነሣ የሚናገሩ ወንዶች አንድ በአንድ መጡ፤ እኔም አንድ በአንድ አሳወርኳቸው።

ከዚያ አዴ ቱሜ መጡ። ባል የሞተባቸው፣ ኩሩ የሚመስሉ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ለብቻቸው ተቀምጠው የቆዩ እናት ናቸው። ሲስተር ጠቆመች፤ ወደ ቀኝ አሳዩ። ለእኔም ወደ ቀኝ! ሁለተኛውን ወደ ቀኝ አሳዩ። ለእኔም ወደ ቀኝ! ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ሁሉንም ወደ ቀኝ። በመጨረሻ የሚያይ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኝ በትልቁ ልክ፣ ልክ፣ ልክ ብዬ ጻፍኩና «እማማ፣ የእርስዎ ዓይን የልጃገረድ ነው» አልኳቸው።

ሲስተር ሎኮ በወረቀቱ መሠረት ማደል ጀመረች። ለኦቦ ጃርሶ ከካርቶኑ ሥር ያለው፣ እንደ ጠርሙስ ታች የወፈረው ደረሳቸው። አደረጉት። ከዚያ በመንደሩ ዳር ወደቆሙት ፍየሎቻቸው ዞረው፣

«ፍየሎቼ ጫጩት ሆነዋል!» ብለው ጮኹ።

አንዱ ወንዝ የሚሻገር ይመስል እግሩን እስከ ጉልበቱ እያነሣ መራመድ ጀመረ። ሌላው በርጩማው ላይ ልቀመጥ ብሎ ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ አረፈ። አንደኛው የገዛ ወንድሙን ትከሻ ይዞ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ይለዋል። መጀመሪያ በጨዋነት ታገሡ፤ ስጦታ ነውና መልሶ መስጠት ነውር ነው። በኋላ እርስ በርስ ተለዋወጡ፤ ባሰባቸው። በመጨረሻ ኦቦ ጃርሶ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወደ ፓስተሩ ሄዱ።

«ልጄ ገልገሎ፣ እጅህ ይባረክ። ግን እኔ ትናንት ማታ እዚያ ኮረብታ ላይ የቆመች ግመል የማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ይህን ሳደርግ ግን እግሬንም አላገኘሁት።»

ፓስተሩ ጥቅሉን ተቀበሉ። ሲስተር ሎኮ ግን ወረቀቶቹን ሰብስባ እየገለበጠች ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ ለብሷል።

«ጋሼ፣ በዚህ ወረቀት ከሆነ ከአዴ ቱሜ በቀር የሚያይ ሰው የለም። ሲባጎውን ተሳስቼ ለክቼ ነው። ወይም ሰሌዳውን ዘቅዝቄ ሰቅዬ።»

ሄዳ ሲባጎውን እንደገና ለካችው። ስድስት ሜትር ነበር። ሰሌዳውንም አየችው፤ አልተዘቀዘቀም። «ሥልጠናው ያልገባኝ እኔ ነኝ» አለች ለራሷ፣ ድምፅዋ እየሰለለ። «ዓመት የተለፋበትን ሰው አበላሸሁባችሁ።» ካርቶኖቹን መዝጋት ጀመረች።

እኔ ቆሜያለሁ። እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲያው ስቁለጨለጭ ከጎኔ አንድ ሰው እጄን ነካ አደረገኝ። አዴ ቱሜ ናቸው። ማንም እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው፣ በኦሮምኛ፣

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፤ «ዓይንሽ ጤና ነው አልከኝ። ጤነኛ ዓይን ማለት እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዴት ነው የሚያዩት?»

«ሰው ሁሉ ጭጋግ ነው። ፊት የለውም። የምራቴን ፊት እንኳ ለይቼ አላውቀውም። ባለፈው ገበያ ላይ በአጠገቧ ሳላውቃት አለፍኩ፤ ናቀችኝ ብላ ይኸው አትናገረኝም። ሌላም ሰው ሲቀየመኝ… ሰላም ብዬ ከምሳሳት ብዬ ሁሉንም ተውኩት። ኮራች ይሉኛል። ግን የሁሉም ሰው ዓይን እንዲህ ከሆነ እነሱ እንዴት ይተዋወቃሉ?»

እኔ ሳላስበው፣ «እኔም እኮ የማየው እንደዚሁ ነው» አልኳቸው።

አዴ ቱሜ ቀና ብለው ከቅርብ ፊቴን መረመሩኝ።

«ታዲያ አንተም አታይማ!»

እንዲህ ያለ ነገር በሃምሳ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማላውቃቸው ሴት፣ ከዛፍ ሥር፣ በተዋስኩት ቋንቋ ተናገርኩት። ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ የወረደ ይመስል ቀለለኝ። ሲስተር ሎኮ ካርቶኑን በገመድ ስታስር ደግሞ እያየኋት ነው፤ አጠገቤ ነበረች። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«ሲስተር፣ አትሰሪው! ሲባጎው ልክ ነው። ሰሌዳውም ልክ ነው። ስህተቱ እኔ ነኝ። እኔ ከሩቅ አላይም። ከጠዋት ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ግምት ነው።»

ፓስተሩ ይህንኑ ለሕዝቡ በኦሮምኛ ተረጎሙት። ከዚያ ኦቦ ጃርሶ፣

«የሚመረምረው ነው ዕውሩ?» አሉ።

ሳቅ ነው የምላችሁ! ግራሩ ላይ ያሉት ወፎች ተነሥተው በረሩ። ሴቶች እርስ በርስ ተደጋገፉ። ፓስተር ገልገሎ ከወገባቸው ታጥፈው ቀና ማለት አቃታቸው። ኢብራሂም መኪናው ላይ ተደግፎ እንባውን እየጠረገ፣ «ሲስተር፣ ለካ ጋሼ ኩይሳውን ሰላም ያሉት የምራቸውን ነበር!» አለ። እንግዲህ የጠዋቱን መንገድ ታሪክ ለመንደሩ ተርኮ ጨረሰው፤ ሰላምታዬን ቃል በቃል። ኦቦ ጃርሶ መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ስለ ከብቱ መጠየቅህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ፓስተሩ እኔ የቆምኩበት ቆሙ፤ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ የሚሉኝን በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩ። ወንዶቹ ሁሉ ሰሌዳውን እስከ ታች አዩ። የቸገራቸው የቅርቡ ነበር። ለኦቦ ጃርሶ የንባብ መነጽር ሲሰጣቸው መዳፋቸውን ከፍተው አዩ፤ ሦስት ቀን ሲወጋቸው የከረመውን እሾህ እዚያው፣ ቁጭ እንዳሉ፣ በጥፍራቸው ነቅለው አወጡና ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ወረፋ ማስያዝ አቃተን።

ለአዴ ቱሜ ያ ወፍራሙ መነጽር ልክ ሆኖ ተገኘላቸው። ሲስተር ሎኮ በሁለት እጇ አደረገችላቸው። አዴ ቱሜ ቀስ ብለው የሰውን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ፤ ከዚህኛው ወደዚያኛው፣ እንደ ቆጠራ። ማዶ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች።

«ዲራሙ!» ብለው ተጣሩ።

ወጣቷ ዞረች።

«ጉንጭሽ ላይ ጠባሳ አለ እንዴ? አላውቅም ነበር እኮ። ነይ ልጄ፣ ነይ ልይሽ።»

ምራቲቱ መጀመሪያ አልተነሣችም። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ገፋ ሲያደርጓት መጣች። አዴ ቱሜ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት፤ ከዚያ ያዘለችውን ሕፃን። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝም። ሲስተር ሎኮ አጠገቤ ቆማ አፍንጫዋን በመሐረብ ትጠርግ ነበር፤ አቧራው ነው አለች።

የእኔ ተራ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሲባጎው ጋ አቆሙኝ። መንደሩ ሁሉ አልተበተነም፤ ይህን ሳያይ የሚሄድ የለም። ትልቁን ሹካ ተጠየቅሁ። ወደ ቀኝ አልኩ። ወደ ታች ነበር። በእያንዳንዱ ስህተቴ ይጨበጨብልኝ ጀመር። ሲስተር ሎኮ ካርቶኑን አገላብጣ ለእኔ የሚሆን አንድ መነጽር አገኘች። የሴት ነው። ሐምራዊ ነው። ጠርዝና ጠርዙ ወደ ላይ የሾለ ሆኖ የሚያብለጨልጩ ፈርጦች አሉት።

«ሌላ የለም?»

«ለእርስዎ ዓይን ይኸው ብቻ ነው።»

አደረግኩት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ግራር ለካ ቅጠል አለው። ያ አረንጓዴ ጭስ የሚመስለኝ ሁሉ ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል ነው፤ እያንዳንዱ ጥፍር የምታህል። ሰዎቹ ፊት ነበራቸው፤ ሁሉም እኔን እያዩ ይስቁ ነበር። ሳቃቸውን አይቼ እኔም ሳቅኩ።

«ያምርብዎታል፣ ጋሼ» አለ ኢብራሂም። «እህቴም እንዲህ ያለ አላት።»

ስንመለስ የመንገዱን ሰሌዳ ሁሉ እየጮህኩ አነበብኩላቸው፤ የፍጥነት ወሰኑን፣ የጎሚስታውን፣ የሻይ ቤቱን። ኢብራሂም አንድ ሁለት ጊዜ «አይቻለሁ፣ ጋሼ» አለኝ፤ አልተውኩትም።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በራችንን ከፍቼ ገባሁና ቆምኩ። ወርቅነሽ ግቢው መጨረሻ ላይ ብርድ ልብስ እያጠበች ነበር። ከበሩ እስከ ማጠቢያው ሃያ እርምጃ ያህል ነው።

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ!» አለችኝ ሳትዞር። እንደቆምኩ ስቀር ዞረች። መነጽሩን አየች። ሐምራዊውን፣ ፈርጡን፣ ሹል ጠርዙን።

ሳቀች። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር የወርቅነሽን ሳቅ ከበሩ ላይ ሆኜ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ስትስቅ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። ዓይኖቿ ይጠፋሉ። አንገቷ ወደ ኋላ ይሄዳል። በስተግራ በኩል አንድ ጥርሷ ከሌሎቹ ትንሽ ወጣ ይላል፤ እሱን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ አረፋ ያለበትን እጇን ወደ አፏ ታደርጋለች።

አፍጥጬ መቅረቴን ስታይ ሳቋን አቆመች። ሻሿን ነካ ነካ አደረገች።

«ምነው? አርጅቻለሁ አይደል?»

«አይ፣» አልኳት፤ «ቀርበሽኛል።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ውሃ የጠጣውን ብርድ ልብስ አንዱን ጫፍ አነሣች።

«ቀረብኩህ ካልክማ ና፣ ይሄን በዚያ በኩል ይዘህ ጭመቅልኝ።»

ሄጄ ያዝኩላት።